ከቆላ ለሚመጣ እንግዳ፦ ሰውነትን ከከፍታ ጋር ቶሎ ለማላመድ የትኛው መንገድ ይሻላል?

የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ የመጣ ዕለት ቤታችን ድግስ ነበር። ከቦሌ ተቀብለን አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን ወሰድነው። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ እሱ ደግሞ «ሻንጣዬን ካልተሸከምኩ» አለ። ክትፎ ቀረበ፣ ጠጅ ተቀዳ፣ ጨዋታው እኩለ ሌሊት አለፈ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እናቴ በባዶ ሆዱ እንጦጦ ጸበል ይዛው ወጣች። ሽሮ ሜዳን እንዳለፉ ጭንቅላቱን ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ አስመለሰው። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ገሚሱ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ አሸተተው፤ አንዲት እናት ግን «አየሩ አልተስማማውም» አሉ። ወደ እውነቱ የቀረቡት እሳቸው ነበሩ።

ስናስበው ያልሠራነው ስህተት አልነበረም፤ ያውም ሁሉንም በፍቅር። ከባሕር ጠለል የተነሣን ሰው አንድ ቀን ሳይሞላው እንቅልፍ ነፍገን፣ ጠጅ አጠጥተን፣ ደረጃ አስወጥተን፣ በዚያ ላይ ዳገት አስያዝነው።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ የሚጠብቅ ወዳጅ ሁሉ ይጠይቀኛል፦ ክኒን አለው ወይ? ኦክስጂን ተሸጦ ይገኛል? ነጭ ሽንኩርት ይበቃል? ይህን የጻፍኩት ለእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የሚያገለግለውም ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ ወደ መሃል አዲስ አበባ ለሚመጣ፣ እና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ባሌ ለሚወጣ።

ሰውነት ምን እያደረገ ነው?

አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ወደ ፒያሳና ሽሮ ሜዳ እየተወጣ ተሂዶ እንጦጦ አናት ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደረሳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጂን ድርሻ ጅቡቲም እንጦጦም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። መሃል ከተማ ላይ ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን 4,550 ሜትር በሚደርሰው ራስ ዳሸን ላይ ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ንፍሮ እዚህ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሦስት ፍጥነት አለው። በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ ይጨምራል፣ ልብ ይፈጥናል። በቀናት ውስጥ ኩላሊት ባይካርቦኔት የተባለውን፣ የደምን አሲድነት የሚያመጣጥነውን ንጥረ ነገር፣ ከደም እየቀነሰ በሽንት ያስወጣል፤ ይህ ሲሆን አንጎል ይበልጥ በጥልቀት መተንፈስን ይፈቅዳል። አዲስ እንግዳ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሣውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስተኛው ቀይ የደም ሴል መጨመር ነው፤ ትእዛዙ በሰዓታት ውስጥ ቢተላለፍም ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ «ቶሎ መላመድ» ስንል የምናወራው ስለ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ነው። ደሙን በሦስት ቀን ለማወፈር ቃል የሚገባልዎ ነገር ካለ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ። ዋናው ጥያቄ ነገሩ *ያላምዳል ወይስ ይሸፍናል* የሚለው ነው። ራስ ምታትን የሚያጠፋ ነገር ሁሉ ሰውነትን አላላመደም፤ አንዳንዱ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ብቻ ነው የሚዘጋው። ቀጥሎ ስንት ቀን ይጠይቃል፣ ምን ያህል ያስወጣል፣ ቢሳሳቱ ምን ጉዳት አለው የሚሉት ይመጣሉ። እኔ ለመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ።

መሃል ከተማ ላይ ሁለት ሌሊት ማረፍ

አሰልቺ ነው፤ ከሁሉም የሚሻለውም እሱ ነው። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት ይከብዳል፣ ከዚያ በአንድና በሁለት ቀን ይለቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ ጤነኛ ሰው ጭራሽ አይታመምም፤ የሚታመመውም ቢሆን ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው የሚገጥመው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ መተው ከማንኛውም ክኒን ይቀድማል።

ማረፍ ማለት ግን መተኛት ብቻ አይደለም። በሜዳማ መንገድ ቀስ ብሎ መራመድ ጥሩ ነው። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግር መውጣት ግን ለሦስተኛው ቀን ይቆይ፤ ቁልቁል ይሂዱና ሽቅቡን በታክሲ ይመለሱ። ሆቴል ሲይዙ ስለ ከፍታ አይጨነቁ፤ በቦሌና በፒያሳ መካከል ያለው የመቶ ሜትር ያህል ልዩነት ለእንቅልፍ ትርጉም የለውም። የሚጠየቀው ሊፍቱ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። እንግዳው ቤት የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ ሻንጣውን ይቀበሉት፤ ድግሱን ወደ ሦስተኛው ቀን ይግፉት። ይሉኝታ አያስቸግርዎ፤ «ቤት ያፈራው» ሽሮ ለመጀመሪያው ማታ ከክትፎ የተሻለ ራት ነው፤ ቀላልና እህል የበዛበት ምግብ ለዚህ ሰውነት ይስማማዋል።

መንገዱን ቆራርጦ መውጣት

በየብስ ለሚመጣ ሰው ከፍታ በራሱ በደረጃ ይቀርብለታል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዳማ 1,700፣ ቢሾፍቱ 1,900 አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፦ ድሬዳዋ ማደር ለወገብ ዕረፍት እንጂ ለመላመድ ብዙም አይረባም፤ ከ1,500 ሜትር በታች ሰውነት ነገሩን እምብዛም አይቆጥረውም። ማደር ካለብዎ አዳማ ይደሩ።

ጤነኛ ወጣት ለአዲስ አበባ ሲል ይህን ያህል መድከም አያስፈልገውም። ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆች፣ የሳንባ ወይም የልብ ችግር ላለባቸው ግን ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው የሚመርጡት መንገድ ነው። በአውሮፕላን የመጡትም ቢሆኑ ከቦሌ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ወርደው ሁለት ሌሊት አድረው ሊመለሱ ይችላሉ።

ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚሄድ ሰው ግን ይህ አማራጭ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር፣ በየሦስትና አራት ቀኑም ተጨማሪ የዕረፍት ሌሊት ቢኖር የሚለው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ መመሪያ ነው። ጎንደር 2,130 ሜትር ያህል ስለሆነች ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ማደር ከፍታ አይጨምርልዎትም። ቀጥሎ ደባርቅ 2,850፣ ከዚያ የተራራው ካምፖች ሳንካበር 3,250 እና ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። በእግር የሚሄድ ሰው ሳያስበው መመሪያውን ይጠብቃል። አደጋው ያለው መኪናው ላይ ነው፦ መንገዱ እስከ ጨነቅ ካምፕ ስለሚገባ ጠዋት ጎንደር ቁርስ በልቶ ማታ 3,620 ሜትር ላይ ድንኳን መትከል ይቻላል። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ማለት ነው። ባሌም እንዲሁ ነው፤ ጎባ አድሮ የሰነቴን አምባ በመኪና አይቶ መመለስ አንድ ነገር፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ሜዳ ላይ ለማደር በቀጥታ መሄድ ሌላ ነገር ነው።

ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት

የመሃል አዲስ አበባ ሰው ያልተጠቀመበት ሀብት እዚህ ጋ ነው። ስንት አገር ተራራ ወጪዎች ለዚህ ብለው የሚጓዙበትን ነገር እኛ በታክሲ እናገኘዋለን። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ እንጦጦ ይውጡ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በዛፎቹ መካከል ይራመዱ፣ ለእንቅልፍ ወደ መሃል ከተማ ይመለሱ። ከመስቀል አደባባይ እስከ አናቱ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ሰውነት ቀን ላይ ግፊቱ ባነሰ አየር ይቀሰቀሳል፣ ማታ ደግሞ በተሻለ አየር ያገግማል። ሰሜን ላይ ይኸው ዘዴ አምቢቆ ላይ ይገኛል፤ ካምፑ 3,200 ሜትር አካባቢ ሆኖ ወደ ራስ ዳሸን ወጥተው በዚያው ቀን ይመለሳሉ።

ወደ ሰሜን ወይም ወደ ባሌ ለሚሄድ ሰው አንድ ወይም ሁለት የእንጦጦ ቀናትን አጥብቄ እመክራለሁ። ለጉባኤ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ለሚመለስ ሰው ግን ትርፉ ድካም ነው። እናቴ ይቅር ትበለኝና፣ በመጀመሪያው ጠዋት በባዶ ሆድ የሚወጣ እንጦጦ ከዚህ ዘዴ ውስጥ አይገባም።

መድኃኒት፦ አሴታዞላሚድ

ከክኒኖቹ ሁሉ በእርግጥ መላመድን የሚያፋጥነው ይህ ነው። ኩላሊት በቀናት የሚሠራውን ባይካርቦኔት የማስወጣት ሥራ ያጣድፈዋል፤ በተለይ ሌሊት ትንፋሽ እንዳይቆራረጥ ይረዳል። ግላኮማ ለተባለው የዓይን ሕመምም ስለሚታዘዝ በፋርማሲዎች ዘንድ እንግዳ አይደለም። ለአዋቂ ሰው የተለመደው የመከላከያ መጠን ጠዋትና ማታ 125 ሚሊግራም ሲሆን ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣትና ከንፈር መንዘር፣ ሽንት መብዛት፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕም መበላሸት የታወቁ ጠባዮቹ ናቸው። ሰልፋ ለተባሉት መድኃኒቶች ከባድ አለርጂ ያለበት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ያለ ሐኪም ፈቃድ መንካት የለባቸውም።

አዲስ አበባ ብቻ ደርሶ ለሚመለስ ጤነኛ ሰው ግን አያስፈልግም። ከዚህ በፊት ከፍታ ላይ የታመመ ሰው፣ ወይም ከባሕር ዳርቻ መጥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከእሱ ጋር አብረው የሚነሡት ሌሎቹ ሸፋኞች ናቸው። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ራስ ምታቱን ይቀንሳሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ሌሊት ክፋት የላቸውም፤ ተራራ ላይ ግን ክኒን ውጦ ጉዞ መቀጠል ራስን ማታለል ነው። ዴክሳሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ኃይለኛ ነው፤ ሕመሙን ያክማል እንጂ አያላምድም፤ ሲያቆሙት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። የእንቅልፍ ክኒንና አልኮል ደግሞ ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ባይቀመሱ ይሻላል። ጠጁም እዚሁ ውስጥ ነው።

የኦክስጂን ጣሳ፣ ድንኳን፣ መለኪያ

የኦክስጂን ጣሳ ጥቂት ደቂቃ ተስቦ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሰውነት የነበረበት ቦታ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለታመመ ሰው የሚሰጠው ኦክስጂን ሕይወት ያድናል፤ ያ ግን ሕክምና ነው። ቆላ ላይ እያሉ ቀጭን አየር እየሳቡ የሚተኙበት ድንኳን ደግሞ ሳምንታትና ብዙ ገንዘብ ያለው ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አንመላለስበትም።

ጣት ላይ የሚሰካው የደም ኦክስጂን መለኪያ አያላምድም፤ ካወቁበት ግን ይጠቅማል። ባሕር ዳርቻ ላይ 97 እና 98 በመቶ ያሳይ የነበረ ጣት እዚህ 92 ወይም 93 ቢያሳይ ብቻውን በሽታ አይደለም። የቀዘቀዘ እጅና የጥፍር ቀለም ያሳስቱታል። ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን ይመልከቱ፤ እየተሻለው ነው ወይስ እየባሰበት?

የጓዳው መድኃኒት

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ሻይ፣ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፦ በመጠኑ ከሆነ ለብዙ ሰው ጉዳት የላቸውም፣ ዝንጅብል ማቅለሽለሽንም ያስታግስ ይሆናል፤ ግን አያላምዱም። ውኃም እንዲሁ ነው። ደረቅ አየርና ተደጋጋሚ ሽንት ስላለ በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ሽንት ነጣ ካለ በቂ ነው። ከዚያ በላይ በሊትር እየቆጠሩ መጋት የከፍታ ሕመምን አይከላከልም፣ ሲበዛም ጎጂ ነው።

ቡናን ግን ከወቀሳ ላድነው። የለመደ ሰው ከፍታ ላይ ነው ብሎ ቡና ቢያቆም ራሱ ማቆሙ ራስ ምታት ያመጣበታልና ሕመሙን ከሕመም መለየት ያቅታል። እስከ በረካ ይጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ ሲመሽ ግን እንቅልፍ ስለሚነሳ ቢቀርበት ጥሩ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ያላምዳል? | ጊዜ | ወጪ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| መሃል ከተማ ማረፍ | አዎ | 2 ሌሊት | የማረፊያ ብቻ | ድግስና ደረጃ |
| ቆራርጦ መውጣት | አዎ፣ በጣም | ከ2 ቀን እስከ ሳምንት | መካከለኛ | ከ1,500 ሜትር በታች ማደር ትርፍ የለውም |
| ቀን እንጦጦ፣ ማታ ከተማ | አዎ | ከ3ኛው ቀን ጀምሮ 1 ወይም 2 ቀን | ዝቅተኛ | በመጀመሪያው ቀን አይሞከርም |
| አሴታዞላሚድ | አዎ፣ ያፋጥናል | ከ1 ቀን በፊት ይጀመራል | ከሐኪም ክፍያ ጋር መካከለኛ | የሰልፋ አለርጂ፣ እርግዝና፣ ኩላሊት |
| የራስ ምታት ክኒን | አይ፣ ይሸፍናል | ለሰዓታት | ዝቅተኛ | ሕመሙ እየባሰ ሊደበቅ ይችላል |
| የኦክስጂን ጣሳ | አይ | ለደቂቃዎች | ከጥቅሙ አንጻር ውድ | የሐሰት መተማመን |
| ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ውኃ | አይ | – | ዝቅተኛ | ሕክምና እንዳያዘገዩ |

ለማን የቱ?

*ለዘመድ ጥየቃ ለመጣ።* ሁለቱ ሌሊት ይበቃዋል። ምንም አይግዙለት።

*ለሁለት ቀን ስብሰባ ለመጣ ነጋዴ።* ከመላመዱ በፊት ይመለሳል፤ ስለዚህ ግቡ አለመታመም ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይግባ፣ ቀላል ራት በልቶ ይተኛ፣ አልኮሉን ውሉ ከተፈረመ በኋላም ቢሆን ለአገሩ ያቆየው።

*ለሩጫ ለሚመጣ።* በየኅዳሩ በታላቁ ሩጫ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ከቆላ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ከተቻለ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይግባ። ካልተቻለ ብዙ አሠልጣኞች የሚመርጡት ሩጫው ሊቃረብ አንድ ቀን ሲቀረው ደርሶ፣ ድካሙ ሳይሰማ ሮጦ መጨረስን ነው፤ ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ መምጣት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚከፋው ምርጫ ነው። በየትኛውም ቢሆን የለመደውን ሰዓት ይርሳ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ በ10,000 ሜትር ስድስተኛ ወጥቶ ከመስመሩ ባሻገር ወድቆ በኦክስጂን ነበር የተረዳው፤ በዚያው ውድድር ማሞ ወልዴ የብር፣ በኋላም በማራቶን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ነች። የኛን ሜክሲኮ አደባባይ የሚሻገር ሰው ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚራመደው።

*ወደ ሰሜን ወይም ባሌ ለሚወጣ።* ገንዘብ ካለዎ ገንዘቡን ቀን ይግዙበት፦ አዲስ አበባ ሦስት ሌሊት፣ ከእነዚህ ውስጥ አንድ የእንጦጦ ቀን፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ በእግር። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ የተሻለ መነሻ አለው፤ ግን «እኛ ደገኞች ነን» ማለት 4,000 ሜትር ላይ ዋስትና አይሆንም። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ።

*ሕመም ላለበት።* የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም፣ የሳንባ ደም ግፊት፣ ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚወረስ የደም ችግር ያለበት ሰው እና ነፍሰ ጡር ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ሐኪም ያነጋግሩ።

መቼ ነው «አየሩ ነው» ማለት የማይገባው?

ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አረፋ ወይም ሮዝ አክታ ያለው ሳል የያዘው፣ እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተዘባረቀ ሰው ተራራ ላይ ከሆነ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ታጅቦ ይውረድ፤ ብቻውን አይላክ። እነዚህ በአዲስ አበባ ከፍታ እጅግ ብርቅ ናቸውና እዚህ ሲታዩ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል። በተለይ ከረጅም በረራ በኋላ አንድ እግር አብጦ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ፣ ሳንባ የደረሰ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር ከቆላ ለመጣ ሰው ወባ ሊሆን ይችላል፤ የደም ምርመራ ሳይደረግ ዳማ ከሴ አይበቃም።

የአክስቴ ልጅ በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በየብስ። አዳማ አንድ ሌሊት አደረ፣ እኛ ቤት ሁለት ቀን ሽሮ በላ፣ ጠጁ ሳይከፈት ጠበቀው። በአራተኛው ቀን እናቴ እንጦጦ ወስዳ ጸበሏን አጠመቀችው፤ ቁልቁለቱን ራሱ በእግሩ ወረደ። ሻንጣውን ግን አራተኛ ፎቅ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ።